የማይጮህ አይሰለፍም

ሉቨርን ታተም ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አራቱን ዓመት ዲትሮይት ውስጥ በአንድ የሞተር ፋብሪካ ፒስተን ስትገጥም፣ አርባ ዘጠኙን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩብ ማይል አስፋልት ላይ በመኪና እየተወዳደረች ወንዶችን ስታናድድ ኖራለች። ሁለቱን ደምሮ ከዕድሜዋ በለጠብኝ የሚል ካለ፣ ጎን ለጎን ታስኬዳቸው እንደነበር ይወቅልን። ባሏ ኤልሮይ የተቀበረው ዓርብ ቀን ነበር፤ እሷ በማግሥቱ ከውድድሩ አልቀረችም። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች አፋቸውን ይዘው ሲያዩዋት፣ «ኤልሮይ አሁን ብድግ ቢል ለምን አላለቀስሽም አይለኝም፤ በስንት ሰከንድ ገባሽ ነው የሚለኝ» አለቻቸው። እውነቷን ነበር።

መኪናዋ ሄንሪየታ ትባላለች። የ1969 ስሪት፣ ብርቱካንማ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አራት ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ፍሪሲዮኗ የበሬ ጉልበት የሚጠይቅ። ሞተሯን ሉቨርን በገዛ እጇ ሦስት ጊዜ አውርዳ ሠርታዋለች። ጆሮዋ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። አንድ እሁድ ፓስተሩ እየጸለዩ ከውጭ መኪና ሲያልፍ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ «ሁለተኛው ካንዴላ ሞቷል፤ አሜን» ያለች ሴት ናት። ባለመኪናው የጎረቤት ሰው ኖሮ ቆይቶ ሲያስፈትሽ፣ ሁለተኛው ካንዴላ ሞቶ ተገኘ።

ታዲያ ባለፈው ጥር የግራ ጉልበቷ አለቀ። ከፍተው ብረት ገጠሙላት። ብረቱስ አላስደነገጣትም፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትገጥም የኖረችው እሱኑ ነው። ያስደነገጣት ሐኪሟ ቀጥላ የተናገረችው ነገር ነው።

«ሚስ ታተም፣ ይራመዳሉ፣ ደረጃ ይወጣሉ፣ ካሰኘዎት ይደንሳሉ። ያን የመኪናዎን ከባድ ፔዳል ግን ከእንግዲህ አይረግጡም።»

ሰው ሁሉ «አውቶማቲክ ካምቢዮ አስገቢባት» አላት። ሉቨርን ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ይህን ለማድረግ የሄንሪየታን ወለል መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው። «እሷን ከምትቆርጡ እኔን ቁረጡኝ» ብላ መኪናዋን ሸራ አልብሳ ጋራዡን ቆለፈችው። ከዚያ ቅዳሜ መጣ። ሌላም ቅዳሜ መጣ። በረንዳ ላይ ትወጣለች፤ በመንገዱ የሚያልፈውን ሞተር ሁሉ በዓይነቱና በዘመኑ ትጠራለች፤ ተመልሳ ትገባለች። ልጇ ማርቬት ስትደውልላት «ደኅና ነኝ» ትላለች። ማርቬት ግን አንድ ቀን ብቅ ብላ እናቷ ምሳ ትታ ደረቅ ብስኩት ስትቆረጥም አየቻትና ደኅና አለመሆኗ ገባት።

ማርቬት አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ባትሪ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናት። ሐምሌ ላይ አንድ ጥቁር መኪና እየነዳች ወደ እናቷ ቤት መጣች። ፊቱ ሰፊ፣ ትከሻው የወጣ፣ መብራቶቹ የተቆጣ ሰው ዓይን የሚመስሉ፤ የድሮዎቹን ጉልበተኛ መኪናዎች ቁርጥ ነው። ሉቨርን ከበረንዳዋ ሆና ገና መታጠፊያው ላይ ስትሰማው ፊቷ ተኮሳተረ።

«ይሄ ምንድነው የሚያጉረመርመው?» አለች።

«መኪናዬ ነዋ እማ። አዲስ ገዛሁ።»

«ሞተሩ የታለ? ይሄ ሞተር አይደለም። ሞተር ሲተነፍስ ሳላውቀው ቀርቼ ነው?»

ማርቬት ሳቋ መጣ። «ኤሌክትሪክ ነው እኮ። ድምፁ የሚወጣው ከድምፅ ማጉያ ነው፤ ከኋላ ከሥሩ ተገጥሞለታል።»

«በቴፕ ነው የሚጮኸው?»

«እንደዛ በይው።»

«በይ ይሄን ውሸታም ዝም አስኪልኝ! ጎረቤት ሳይሰማ!»

ማርቬት ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቦታ ነካ አደረገች፤ ጸጥ አለ። ሉቨርን ልትገባ በሩን ይዛ ነበር።

«እማ» አለቻት ልጇ፣ «ፍሪሲዮን የለውም።»

ሉቨርን በሩን እንደያዘች ቆመች። ብረቱ የገባበት ጉልበቷ የሰማ ይመስል ቀለል አላት። ዞር ብላ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አየችው። ከዚያ እንደገና አየችው።

ችግሩ ሉቨርን የምትወዳደርበት የስምንት ፒስተን ማኅበር ነው። ማኅበሩ ዐሥራ ሦስት አባላት አሉት፤ የሚወዳደሩት ከከተማው በስተደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ መሀል በተዘረጋ አስፋልት ላይ ነው። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም በኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ አባል ልሁን ብሎ ነበር። ያን ዕለት ብድግ ብላ «የማይጮህ አይሰለፍም!» ያለችው ማን ሆነችና? ሉቨርን ታተም። ጭብጨባው ጣራ ነቀለ። ቃሏ ደንብ ሆነ፤ የማኅበሩ ሸሚዝ ጀርባ ላይም በትልልቁ ተጻፈ። የጥርስ ሐኪሙ ሹልክ ብሎ ሄደ፤ ተመልሶም አልመጣም።

እንግዲህ ነሐሴ ላይ እዚያው ስብሰባ ፊት ቆማ፣ ያንኑ ሸሚዝ ለብሳ፣ «በልጄ መኪና ልሰለፍ» ስትል ምን እንደተባለች መገመት ነው። መጀመሪያ የጮኸው ክሊዮፈስ ባርክስዴል ነበር። ክሊዮፈስ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የ1968 አረንጓዴ መኪና ባለቤት፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሉቨርን ጋር ሲሸናነፍ የኖረ ሰው።

«እህት ታተም፣ በይ እንግዲህ ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ልበሺው!»

ሳቁ ሲበርድ ተከራከሩ፤ ተጨቃጨቁ፤ በመጨረሻ አንድ ቀን ሰጧት። የመስከረም ሁለተኛ ቅዳሜ ትሰለፋለች፤ ውድድሩ ሲያልቅ ድምፅ ይሰጣል። ማኅበሩ ድምፅ የሚሰጠው በእጅም በወረቀትም አይደለም። አባላቱ መኪናቸው ውስጥ ይገባሉ፤ ቆጣሪው ጀርባውን ይሰጣቸዋል፤ የደገፈ ሞተሩን አስነሥቶ አንዴ ያስጮኸዋል፤ የተቃወመ ዝም ይላል። ቆጣሪው አይመርጥም። ሰባት ሞተር ከጮኸ ነገሩ ጸደቀ ማለት ነው። እስከ ዛሬ ቆጣሪዋ ባለጆሮዋ ሉቨርን ነበረች፤ የአሁኑ ጉዳይ የራሷ ስለሆነ ክሊዮፈስ ተመረጠ።

«እምቢ ካሉሽስ?» አለቻት ማርቬት ወደ ቤት ሲመለሱ።

«ሄልሜቴን ለቤተ ክርስቲያን ባዛር እሰጠዋለሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ቀልድ አልነበረም። 

ያ ቅዳሜ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ሜዳው በመኪና ተሞልቷል፤ የተቃጠለ ጎማና የተጠበሰ አሳ አንድ ላይ ይሸታል፤ ሽማግሌዎቹ ኮፈን ከፍተው የሚታየውንም የማይታየውንም ይወለውላሉ። ለሙከራው ሉቨርን ጥቁሩን መኪና ወደ መነሻው መስመር ስታስጠጋ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ቆመ። ድምፅ ማጉያው ጠፍቷል። የሚሰማው ጎማው ጠጠሩን ሲጨፈልቅ ብቻ ነው።

«ጠፍቶባታል! ኧረ ግፉላት!» አለ አንዱ፤ ሰዉ አውካካ።

የመነሻው መብራት ተራ በተራ በራ፤ ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ረገጠችው።

ምን ልበላችሁ። ጀርባዋ ወንበሩ ውስጥ ገባ፤ ጉንጮቿ ወደ ጆሮዋ ሄዱ፤ ሆዷ መስመሩ ላይ የቀረ መሰላት። ሄንሪየታ መጀመሪያ ትቆጣለች፣ ቀጥላ ታስባለች፣ ከዚያ ነው የምትሄደው። ይሄኛው ሳያስብ ሄደ። «ውይ!» አለች ሉቨርን፤ ልጃገረድ ሳለች የወጣት የመሰለ ድምፅ ነበር።

አካሏ ግን የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሥራውን በአንድ ጠዋት አይተውም። ጆሮዋ የሞተሩን ጩኸት ይጠብቃል፤ ጩኸት የለም። ቀኝ እጇ ማርሽ ለመቀየር ሄደ፤ ያገኘው ማርቬት ረስታ የተወችውን የቀይ ለስላሳ ጠርሙስ ነው። ጨብጣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሳበችው። ግራ እግሯ ደግሞ ፍሪሲዮን ፍለጋ ተነሣና ያለ ርኅራኄ ረገጠ። የረገጠው ፍሬኑን ነበር።

መኪናው አፍንጫው አስፋልት ሊነካ ደረሰ። ቀበቶው ደረቷን ጨምድዶ ያዛት፤ ቀዩ ለስላሳ መስታወቱን፣ መሪውንና ነጭ ሱሪዋን አዳረሰ። በሩብ ማይል ውድድር አስፋልቱ መሀል ላይ ተገትሮ የቆመ መኪና ያየ ሰው አልነበረም፤ የዛን ቀን ታየ። ተመልካቹ እየተደጋገፈ ሳቀ።

በእርጋታ እየነዳች ስትመለስ ክሊዮፈስ በመስኮቷ አጎነበሰ።

«እህት ታተም፣ ዛሬ የፍሬን ውድድር ነው እንዴ? ቢነግሩኝ እኔም እሰለፍ ነበር።»

«ዝም በል፣ ክሊ።»

«ይሄ ሱሪሽ ላይ ያለው ደም ነው ለስላሳ?»

«ጠጋ በልና ቅመሰው።»

አፏ እንደዛ ይበል እንጂ ሉቨርን አፍራ ነበር። የበረዶ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አሸች። እንዲህ ሲስቁባት በሕይወቷ ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ፣ ሴት ምን ልትሠራ መጣች ባሉበት ዘመን እንኳ፣ ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ ማንም አልሳቀባትም። ክሊዮፈስ የአሳ ሳንዱች በወረቀት ጠቅልሎ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። አሁን አይቀልድም።

«ሉ፣ እኔ እንጂ ሌላ ሰው ሲስቅብሽ አልወድም። ሄንሪየታ በክብር ተኝታለች። አንቺም በክብር ብታበቂስ?»

«ክብር ምን ይሠራልኛል ክሊ? እኔ ቅዳሜን ነው የምፈልገው።»

ክሊዮፈስ ሳንዱቹን ጭኗ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። ማርቬት መኪናውን ጠርጋ ጨርሳ መጣች።

«እማ፣ ስሚኝ። በስተግራ የእግር ማሳረፊያ አለ። እግርሽን እዛ ላይ አድርጊና እርሺው። ቀኝ እጅሽንም ከመሪው አታንሺ።»

«እሺ። ጆሮዬንስ የት ላድርገው?»

ማርቬት ሄልሜቷን አቀበለቻት።

ለሁለተኛው ሙከራ ሉቨርን እግሯን ማሳረፊያው ላይ አደረገች፤ ሁለት እጇን መሪው ላይ አጣበቀች። አረንጓዴው በራ። ረገጠች። ገና ከመስመሩ ሳትርቅ ከበስተኋላዋ ቀጭን ድምፅ ሰማች። የሞተር አይደለም፤ የጎማ ሲጥታ ነው። ጎማው አስፋልቱን ሊለቅ ሲል የሚያሰማው፣ የሚያስጠነቅቅ ሲጥታ። ከእግሯ ላይ ፀጉር ታህል ቀነሰች፤ ሲጥታው ወደ ወፍራም ጉምጉምታ ወረደ፤ መኪናው አስፋልቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ተወረወረ። መልሳ ሰጠችው። ጎማው ስንት እንደሚችል ይነግራታል፤ እሷም የቻለውን ያህል ትሰጠዋለች። ጎማ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲያወራት ኖሯል፤ ሞተሩ እየጮኸ አላስደመጣትም ነበር።

የመጨረሻውን መስመር ስታልፍ ሌላ ነገር ሰማች። ድው ድው የሚል። የራሷ ልብ ነው። ሄልሜቷ ውስጥ ብቻዋን እልል አለች።

«ማርቬት! ያወራል! ጎማው ያወራል!» ስትል ከመኪናው ሳትወርድ ጮኸች።

«ምን አለሽ?»

«ቀስ በይ፣ ቆይ፣ በይ አሁን ስጪኝ አለኝ! ይሄን ሁሉ ዓመት ሲለኝ ኖሮ!»

ሰዓቱ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ከሃምሳ ሦስት መቶኛ ነበር። ሄንሪየታ በጎበዝ ቀኗ ያልደረሰችበት። ሉቨርን ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ የቀዘቀዘውን ሳንዱች በአራት ጉርሻ ጨረሰችው። የቤንዚኑ ሽታ ይናፍቃታል፤ ደረቷን የሚደልቀው ያ ሞተር ይናፍቃታል፤ አትዋሽም። ግን ርቧት ነበር፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ርሃብ ርቧት ነበር።

ቀጥሎ ዋናው ውድድር ሆነ። የማኅበሩ ውድድር ፈጣን ብቻ የሚያሸንፍበት አይደለም። እያንዳንዱ በስንት ሰከንድ እንደሚገባ አስቀድሞ በነጭ የጫማ ቀለም መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ዝግተኛው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል፤ ፈጣኑ ያሳድደዋል። ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ግን ከጻፈው ፈጥኖ የገባ ተሸነፈ፤ ራሱን አሳንሶ የጻፈ ሌባ ነው ይባላል። ስለዚህ የጎበዝ ጎበዝ የሚለየው መጨረሻው ላይ ነው፤ እየቀደምኩ ነው ካለ እግሩን ለቀቅ ያደርጋል፣ ከጻፈው እንዳያልፍ።

ሉቨርን መስኮቷ ላይ 11.55 ብላ ጻፈች። የመጀመሪያውን ሰው አሸነፈች፤ ሁለተኛውን አሸነፈች። ሦስተኛው ሮስኮ ነበር፤ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ባለ ቀይ መኪና፣ ዘወትር የሚቆጣ። እሱንም በሁለት መቶኛ ሰከንድ ቀደመችው። ጠዋት ሲስቁ የነበሩት አሁን አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ሰው አፉን ይዞ ማየት ጀመረ፤ እሷ ደግሞ ስታልፍ በመስኮቷ እጇን እንደ ንግሥት ታወዛውዛለች። ልኩን አለፈች ብትሉ አልከራከርም።

ለመጨረሻው ማን ቀረ? ክሊዮፈስ ባርክስዴል። መስኮቱ ላይ 12.90 ጽፏል።

«ሉ፣ እንባሽን የምትጠርጊበት ጨርቅ ይዘሻል?» አላት ከጎኗ ሲሰለፍ።

«አንተ የምትጠርግበትን ይዣለሁ።»

አረንጓዴ መኪናው ሞተሩን አስጓራ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቀድሞ የሚለቀቀው እሱ ነው። ተወረወረ። ሉቨርን የራሷን መብራት ጠበቀች፤ አንድ ሰከንድ ከሠላሳ አምስት፣ ዕድሜ የሚያህል ጊዜ። በራ። ጎማው ሲጥ አለ፣ ቀነሰች፣ ጉምጉም አለ፣ ሰጠችው። አረንጓዴው ጭራ ፊቷ ላይ እየተለቀ መጣ።

ግማሹን አለፉ። አሁንም ከፊቷ ነው። ሠላሳ ዓመት ስታሳድደው አንድ ቀን እንኳ የእሱን ሞተር ሰምታው አታውቅም፤ የራሷ ይውጠው ነበር። ዛሬ ግን ስምንቱንም ፒስተን አንድ በአንድ ትሰማለች። ሦስተኛው ማርሽ ገባ። አራተኛው። ጩኸቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ። ጠዋት የራሷ ሰዓት ዐሥራ አንድ ከሃምሳ ሦስት ስለነበር ከጻፈችው እንዳታልፍ ሰግታ እግሯን ለቀቅ ልታደርግ ነበር። ልክ በዚያች ቅጽበት የክሊዮፈስ ሞተር ድምፁ እንደ መጎርነን አለ። ለዓይን አይታይም፤ መኪናው አልዘገየም፤ ግን ሰማችው። ለቀቀ! አሸንፌያለሁ ብሎ እግሩን ለቀቀ!

ሉቨርን አልለቀቀችም። እስከ ወለሉ አወረደችው። መጨረሻው መስመር ላይ ሊደርሱ ሲሉ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ከዚያ የጥቁሩ መኪና አፍንጫ በአንድ ክንድ ቀድሞ ገባ።

ሰሌዳው በራ። የእሷ 11.56። የእሱ 12.97። ከጻፈችው አላለፈችም፤ በአንዲት መቶኛ ቀርታለች። አጥሩ ላይ ያለው ሕዝብ እየዘለለ ጮኸ፤ ማርቬት የበረዶ ሳጥኑን ረግጣ ገለበጠችው።

ክሊዮፈስ ከመኪናው ወርዶ ሄልሜቱን ይዞ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዴት አወቅሽ? የኋላ መብራት አላበራሁ፣ ፍሬን አልነካሁ። ፀጉር ነው የለቀቅኩት፣ ፀጉር!»

«ሰማሁሃ።»

«ምኑን?»

«እግርህን። አራተኛ ማርሽ ላይ እግርህን ስትለቅ ሞተርህ ይጎረንናል። ስድስተኛው ቫልቭህም ላላ ብሏል፤ ሰኞ አምጣው፣ ላስተካክልልህ።»

ክሊዮፈስ አረንጓዴ መኪናውን ዞር ብሎ አየው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስጥር የመሰለው ነገር እንዲህ በቀላሉ ተነገረው። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ጀንበሯ በበቆሎው ላይ ዝቅ ስትል አባላቱ መኪናቸውን በሰልፍ አቆሙ። ድል አድርጋለች፤ ግን ድል ሌላ፣ ድምፅ ሌላ። ሮስኮ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ያሸነፈን ሰው አይደለም፤ ኮምፒዩተር ነው! ሞተር ይሞቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይኮርፋል። እሱን ማባበል ነው የእኛ ሙያ። ይሄ እንደ ፍሪጅ ሁሌ አንድ ነው። ዛሬ ሚስ ሉቨርንን አስገባን ማለት ነገ ስልኩን የሚነዳ ሁሉ ይሰለፋል!»

አንዳንዱ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ ሉቨርን ራሷ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ያለችው ይህንኑ ነበር። 

«በቃ ግቡ» አለ ክሊዮፈስ። ከመኪናዎቹ ፊት ቆመና ጀርባውን ሰጣቸው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። «እህት ታተምን የሚደግፍ!»

ጸጥ አለ። ሉቨርን ጥቁሩ መኪና ውስጥ መሪውን ጨብጣ ተቀምጣለች። ከዚያ ከወዲያ ጫፍ አንድ ሞተር ተነሣና ጮኸ።

«አንድ» አለ ክሊዮፈስ።

ሌላው ተከተለ። ሉቨርን እያንዳንዱን ታውቀዋለች፤ ይሄ አሳ የሚጠብሰው ሰውዬ ነው፣ ይሄ የፓስተሩ ወንድም። ሦስት። አራት።  አምስት። ትንሽ ቆይቶ፣ ማመንታት የበዛበት፣ ስድስት። ከዚያ ምንም። በቆሎው ብቻ ተንሿሿ። ቀዩ መኪና ዝም ብሏል፤ ሌሎቹ አራትም ዝም ብለዋል።

«ስድስት!» አለ ሮስኮ። «አልሞላም፤ አለቀ።»

«ቆጣሪው እኔ ነኝ» አለ ክሊዮፈስ ሳይዞር። «አባላቱ ዐሥራ ሦስት ናቸው። እኔ አልመርጥም። አንዷ ግን ገና አልመረጠችም።»

«የሷማ አይጮህም! ሞተር ያልጮኸ አይቆጠርም፤ ደንቡ የራሷ ነው!»

ማርቬት ወደ መስኮቱ ሮጠች። «እማ! ድምፅ ማጉያውን! ያችን ንኪያት፣ ይጮኻል!»

ሉቨርን ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን ቦታ አየቻት። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ ቅዳሜ ሁሉ የሷ ነው።

«በውሸታም አልመርጥም» አለች። «ዞር በይ ልጄ። ራቅ በይ።»

የፊቱን ጎማዎች በፍሬን አስያዘች። ቀኝ እግሯን ቀስ አድርጋ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አወረደችው። የኋላ ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ዞሩ፤ መጀመሪያ ሲጥ አሉ፤ ቀጥሎ ጮኹ፤ ቀጥሎ ስድስቱ ሞተር አንድ ላይ ያላወጣውን ድምፅ አወጡ። ነጭ ጭስ ተነሥቶ መኪናውን ዋጠው፣ ሮስኮን ዋጠው፣ ሰልፉን ሁሉ ዋጠው። ወፎች ከበቆሎው ውስጥ ተነሥተው በረሩ። ሉቨርን እግሯን አላነሣችም፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፣ አፏ በሳቅ ተከፍቷል፤ እስኪበቃት አስጮኸችው።

ሲቆም ክሊዮፈስ አሁንም ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ጭሱ ትከሻውን አልፎ ሄደ። ሁለት ጊዜ ሳለ።

«ሰባት!» አለ። «ይሄኛውን ሞተር ግን አላውቀውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጣና ይተዋወቀኝ።»